ከ«ኮሮና» ቀጥሎ የነበረው ቃል

ሞጣ፣ መስከረም 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ ወልደ ሰንበት
ብቸና

አባባ፣ ይህን ደብዳቤ ስጀምርና ስተው ሰንብቻለሁ። የከበደኝ ሰላምታው ነው። ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ «እንዴት ሰነበቱ» ማለት ድፍረት መሰለኝ፤ ሳይጠይቁ ማለፍም ሌላ ድፍረት ነው። እንግዲህ በአጭሩ ልጠይቅዎት፤ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? ባየ ከእናንተ ዘንድ በተመለሰ ቁጥር «ደህና ናቸው» ይልና ዝም ነው። የእሱን ነገር ያውቁታል፤ ልጅዎ ነው። ቤት ቢቃጠል እንኳ «ትንሽ ጭስ አለ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

እኛ አለን። መክሊት ሦስት ዓመት አልፏታል። አያቷ ብቸና እንዳሉ ታውቃለች፤ ብቸና የት እንደሆነ ግን አታውቅምና ሚኒባስ ባየች ቁጥር «አያቴ ጋ ነው የሚሄደው?» ትላለች። ሁሉንም አዎ እላታለሁ።

በባየ የላኩት ጥያቄ ደርሶኛል። እሱ እንደ ነገሩ አድርጎ ነው የነገረኝ። «ሚስትህ የሙታንን በሽታ እያወጣች ትቆጥራለች ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» ብለው ከሆነ፣ ወሬው እንዲያ ተጠማዝዞ ብቸና መድረሱ አይገርመኝም። እውነቱን ከራሴ ይስሙት።

የላቦራቶሪ ሠራተኛ መሆኔን ያውቃሉ። ሞጣ ከተመደብኩ ጀምሮ የምመረምረው ደምና አክታ ነው። ካቻምና ደግሞ ባሕር ዳር ለሁለተኛ ዲግሪ ተመዘገብኩ፤ መንገድ ሲከፈት እሄዳለሁ፣ ሲዘጋ እዚሁ ሆኜ እሠራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ሰውን የሚይዙ የኮሮና ቫይረሶችን እያስተያየ ልዩነታቸውን የሚፈልግ ነው። ቫይረሱ ራሱ እኔ ዘንድ የለም፤ አይስጉ። ያለኝ ጽሑፉ ነው። የእያንዳንዱ ቫይረስ ማንነት በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ ነው፤ እነዚያው አራቱ እየተመላለሱ ሠላሳ ሺህ ያህል ይሆናሉ። አንዱን ከሌላው ጎን አሰልፌ ኮምፒዩተሩ የት ጋ ፊደል እንደተለወጠ፣ የት ጋ እንደተገደፈ፣ የት ጋ እንደተጨመረ እንዲፈልግ አደርገዋለሁ። የተቀራረቡትን አንድ ቤት፣ የተራራቁትን ሌላ ቤት ያስገባቸዋል። እርስዎ የተማሪን ግልባጭ ከዋናው መጽሐፍ ጋር ሲያስተያዩ ማን ከማን እንደገለበጠ በስሕተቱ ይለዩ የለም? እንደዚያ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ የሞጣን መብራት ደግሞ ልንገርዎት አያሻኝም።

ከማስተያያቸው ጽሑፎች ውስጥ ከእኛው አካባቢ የተሰበሰቡ አሉ። በ2013 ዓ.ም. ሳንባ ለታመመ ሰው አፍንጫ ውስጥ ጥጥ እያስገቡ ናሙና የሚወስዱ አጥኚዎች መጥተው ነበር። ጽሑፉ ስም የለበትም፤ ከተማ፣ ወር፣ ዕድሜና ጾታ ብቻ ነው ያለው። ከብቸና፣ ጥር ወር፣ ሴት፣ ስልሳ ስምንት ዓመት የሚል አንድ አገኘሁ። በዚያ ወር ከብቸና ሌላ ሴት የለችም። አባባ፣ እማማ የሺእመቤት ናቸው።

እኔ ለዚያ ዓመት ጥምቀት ብቸና መጥቼ ከተመለስኩ በኋላ ነው እማማ የታመሙት። በኮሮና ሞቱ ተባለ። ለአርባቸው ስመጣ ባንቺዓለም በር ላይ ቆማ «እናቴን የገደልሽ አንቺ ነሽ» ብላ መለሰችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቤትዎን አላየሁትም። ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም። ከናሙናው ያገኘሁት ነገር ከዚያ ቀን ጋር ስለሚገናኝ ነው።

ምን እንዳገኘሁ ግን አሁን አልጽፍም። ሚስትዎ ናቸው፣ ሐዘኑም የእርስዎ ነው። የተዳፈነ እሳት ባይቆሰቆስባቸው የሚመርጡ ሰዎች አሉ፤ እርስዎም እንደዚያ ከሆኑ ይህን ወረቀት ይቅደዱት፣ እኔም ሁለተኛ አላነሣውም። «ንገሪኝ» ካሉ ደግሞ በጽሑፍ ይሁን። በባየ አፍ አይሁን፤ በስልክም አይሁን። ስልኩ ሲሠራም እየተቆራረጠ ነው፣ ይህ ነገር ደግሞ ቃል ሊጎድልበት አይገባም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ የሚኒባስ ሾፌሩ ዘመነ ነው። መልስ ካለ ለእሱ ይስጡት።

ምራትዎ እፀገነት


ብቸና፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ። ዘመነ ጉንደ ወይን ላይ መንገድ ተዘግቶበት ሰንብቶ ኖሯል፤ ወረቀትሽም አብሮት ሰነበተ። ዘይት ነክቶታል፣ ግን ይነበባል። ጽሕፈትሽ የሐኪም ቤት ሰው ጽሕፈት አለመምሰሉ ደስ አሰኝቶኛል።

ስለ ጉልበቴ ጠይቀሻል። ዳገት ይሻለኛል፤ ቁልቁለቱ ነው የሚያስጨንቀኝ። ዓይኔ ጠዋት ጠዋት ያነባል፣ ከሰዓት በኋላ አይታዘዝም። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ወደየአገራቸው ገብተዋል። በዚህ ዘመን ልጁን «ሂድ ቅኔ ተማር» ብሎ በእግሩ የሚልክ ወላጅ የለም፤ አልፈርድባቸውም። የቀሩት ጥቂቶቹ ቅኔ ሲቆጥሩልኝ እንቅልፍ ይወስደኛል። ድሮ ተማሪ ሲያንቀላፋ የምቆጣው እኔ ነበርሁ።

ፈቃድ ጠየቅሽኝ። ሰው ፈቃዴን ከጠየቀኝ ቆይቷልና ምን እንደምመልስ ግራ ገብቶኝ ጥቂት ቀን አሳደርሁት። መልሴን ከመስጠቴ በፊት አንቺ ያላየሽውን ላጫውትሽ፤ ያን ጊዜ ሞጣ ነበርሽና።

የሺእመቤት የሞተች ዕለት ነው ስልኩ የተደወለው። ናሙናው የተላከበት ቦታ ያለ ሰው እዚህ እቤት ለሚያስታምማት የጤና ባለሙያ ደወለ። ልጁ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ፤ አንዱን ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ በሌላው ሲያዳምጥ በመስኮት አየሁት። ተመልሶ ገባና «ኮሮና ተገኝቷል» አለ። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልተናገረም።

እኔንና ባንቺዓለምን እቤት ዘጉብን። ነጭ የለበሱ ሰዎች በላስቲክ ጠቅልለው ወሰዷት። ሬሳዋ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። አንድ ቄስ ከሩቅ ቆሞ አጠር ያለ ጸሎት አደረሰላት፤ እሱም ፈርቶ ነበር፣ አይፈረድበትም። እኔ ስንቱን ሰው በፍትሐት ሸኝቻለሁ፣ ስሙን ለማላውቀው መንገደኛ ሳይቀር ቆሜያለሁ። የገዛ ሚስቴን የሸኘሁ በመስኮት ነው። ድንኳን አልተጣለም፣ ለቀስተኛ አልመጣም። ባንቺዓለም ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ አለቀሰች። ኮሮና ከገባበት ቤት ጩኸት ቢሰማ ሰው ይሸሽ እንጂ አይመጣም ነበር።

በር ላይ ያለችሽን እኔ በኋላ ነው የሰማሁት። ባንቺዓለም ክፉ ልጅ አይደለችም። እናቷን ያለ ልቅሶ የቀበረች ልጅ ናት።

እንግዲህ ከዚህ የከፋ ምን ትነግሪኛለሽ? ንገሪኝ። በስልክ አይሁን ያልሽውም ልክ ነው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጮኽ አላነሣም።

መክሊትን ሳሚልኝ።

አባትሽ ወልደ ሰንበት


ሞጣ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ

መልስዎን ካገኘሁ ወዲህ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ፈዝዤ ተገኝቻለሁ። የመስኮቱን ነገር አላውቅም ነበር። ባየም አልነገረኝም፤ ያውቅ ይሆን ብዬ ስጠይቀው ዕቃ ለማምጣት ወጣ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ሰውን የሚይዙ ኮሮናዎች ሰባት ናቸው። «ኮሮና» የአንድ በሽታ ስም አይደለም፣ የቤተ ዘመዱ ሁሉ ስም ነው። ከሰባቱ ሦስቱ ክፉዎች ናቸው፤ ዓለምን በቤቱ ያስቀመጠው ከእነዚያ አንዱ ነው። አራቱ ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን አብረውን የኖሩ፣ ማንም ስማቸውን ጠይቆ የማያውቅ ናቸው። በዚያ ዓመት ስለ ሰባቱ የሚያወራ ሰው አልነበረም። አንዱ ብቻ የሁሉንም ስም ወሰደው።

የእማማን ናሙና ከሰባቱም ጋር አስተያየሁት። ደጋግሜ አስተያየሁት፤ ለእኔ የሚያዳላ ውጤት ስለሆነ ራሴን አላመንኩም። ባሕር ዳር ያለው አስተማሪዬም የእማማ መሆኑን ሳያውቅ ለብቻው ሠርቶታል። በዚያ ዘመን ዓለምን ባስጨነቀው ኮሮና የታመሙ የሁለት ሰዎች ጽሑፍ ቢተያይ፣ ከሠላሳው ሺህ ፊደል የሚለያየው በሃያ በሠላሳው ቢሆን ነው። የእማማ ከዚያኛው ጋር ሲተያይ ግማሽ ያህሉ ፊደል አይገጥምም። በምንም መንገድ አንድ ሊሆኑ አይችሉም።

አባባ፣ እማማ በዚያ ኮሮና አልሞቱም።

ስልኩ ላይ ምን እንደተባለ ለማወቅ ጥናቱን ያስተባበሩትን ሐኪም በሰው በሰው አስጠየቅኳቸው። ውጤት ሲነገር የቫይረሱ ስም ሙሉውን ይነበብ ነበር ብለው መለሱልኝ። «የሰው ኮሮና ቫይረስ» የሚለው በእንግሊዝኛ ይነበባል፤ ቀጥሎ ሁለት ፊደልና አንድ ቁጥር አለ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከኋላ ያለው ነው። ያ ልጅ ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከትቶ የፊተኛውን ሰማ፣ የኋለኛው ወይ ተቆረጠበት ወይ ልብ አላለውም። በዚያ ዓመት «ኮሮና» የሚለውን ሰምቶ ቀጣዩን ለመስማት የሚታገሥ ማን ነበር? እኔም ሥራዬ ሆኖ እንኳ የምታገሥ አይመስለኝም።

እኔ ያን ጊዜ ሞጣ ተመርምሬ ነጻ መባሌን ባየ ነግሯችሁ ነበር። አላመናችሁትም፤ በቦታችሁ ብሆን እኔም አላምንም ነበር። አሁን ግን ማመን ትችላላችሁ።

ሌላ የምጨምረው ብዙ አለኝ፣ ዛሬ ግን ደከመኝ። መክሊት ጭኔ ላይ ተኝታለች፤ የምጽፈውም በአንድ እጄ ነው። ይህን ያህል ይብቃ።

ምራትዎ እፀገነት


ብቸና፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ለብቻዬ አነበብሁት። ካነበብሁት በኋላ ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ተቀመጥሁ። አንድ ተማሪ መጥቶ ቅኔ ልቁጠር አለኝ፤ ሂድ ነገ አልሁት።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በእኛ ትምህርት ኅብረ ቃል የሚባል አለ። አንድ ቃል ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ ተማሪው ቀድሞ የሰማውን ይዞ ከሮጠ ይሳሳታል። «ቃሉን አትቀበለው፣ መጀመሪያ ፍታው፣ ከዚያ ተቀበለው» እያልሁ ጥርሴ እስኪወልቅ አስተማርሁ። ይኸው በገዛ ቤቴ አንድ ቃል በበር ገባ። ፍቺውን ሳልጠይቅ ሚስቴን ሰጠሁት። ልጁ በእንግሊዝኛ የተነገረውን ባይሰማ እሱ የጤና ሰው ነው፣ ቅኔ አልተማረም። እኔ «የቱ ኮሮና?» ማለት ነበረብኝ። ማን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል ትዪኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው፤ ማንም አይጠይቅም። ቢሆንም ያሳፍረኛል።

ማታ ለባንቺዓለም አነበብሁላት። ስጨርስ «እንደገና» አለችኝ። እንደገና አነበብሁላት። ተነሥታ በረንዳው ላይ ወጣችና ጮኸች። እንዲያ ያለ ጩኸት በዚህ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ጎረቤቱ በትር በትሩን ይዞ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ሰው በጩኸት የሚጠረጥረው ሌላ ነው። «ማን ሞተ?» አሏት። «እናቴ» አለቻቸው። ነገሩ ገና ሳይገባቸው አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተቀመጡ።

እንዲህ ሆኖ እንዲቀር ግን አልፈልግም። በአገራችን ሰው ሩቅ አገር ሞቶ መርዶው ሲመጣ፣ ሬሳው ባይኖርም ልብሱ ወጥቶ ይለቀስለት የለም? የሺእመቤትም እንደ ሩቅ አገር ሙት ትቆጠር አልሁ። መርዶዋ አሁን መጣ፤ አንቺ አመጣሽው። ጥር 27 ሙት ዓመቷ ነው። በዚያን ዕለት ድንኳን ይጣላል፣ ቀሚሷ ይወጣል፣ ካህናቱን ሰብስቤ ፍትሐቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኔ እመራዋለሁ። ድምፄ ባይረዳኝ ይደግፉኛል።

አንቺም ትመጫለሽ። የምትቆሚው ከልጆቿ ጋር ነው። ባንቺዓለም «ትምጣ» ብላለች፤ ከዚህ በላይ እንድትናገር አልጎተጎትኋትም። መክሊትንም አምጪያት።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። በወረቀት ማስፈሩ ከበደኝና ለባየ በቃል እነግረዋለሁ። በባየ አፍ አይሁን ማለትሽን አልረሳሁም፤ ይህን አንዱን ታገሢኝ።

አባትሽ ወልደ ሰንበት


ሞጣ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ

ባየ ጥያቄዎን ይዞ መጥቶ ደበቀኝ። ነገሩን የነገረኝ ትናንት፣ ለልቅሶው ጥቁር ቀሚስ ሳሰፋ አይቶ ነው። «እሳቸው ረስተውታል ብዬ ነበር» አለኝ። እርስዎ ነገር የሚረሱ አለመሆንዎን ከእኔ እሱ ያውቃል።

ከሰባቱ የትኛው ነው ብለው ጠይቀዋል። ይህን ኅዳር ላይ መጻፍ ነበረብኝ። «ደከመኝ» ብዬ ያቆምኩት ደክሞኝ ብቻ አልነበረም፣ የሚመጣውን ስለማውቅ ነው።

የእማማ ከአራቱ አንዱ ነው። ጉንፋን ነው፣ አባባ። በየዓመቱ ብርድ ሲሆን የሚመላለሰው ጉንፋን። ጉንፋን የሚያመጡ ቫይረሶች ብዙ ናቸው፤ እነዚህ አራቱ ከነሱ ውስጥ ናቸው። ደህናውን ሰው ንፍጥ አዝረክርኮት ይተወዋል። ሳንባው ቀድሞ የደከመ ሽማግሌ ሲያገኝ ግን አንዳንዴ ወደ ውስጥ ይወርዳል። የእማማን አስም ደግሞ እርስዎ ያውቁታል፤ ክረምቱን ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት። ሐኪሞቹ በጊዜው ቢያውቁ ኖሮ ይተርፉ ነበር ወይ ብለው ቢጠይቁኝ አላውቅም። ቢያውቁ ኖሮ ግን ቤተ ክርስቲያን ገብተው ይቀበሩ ነበር። ይህን አውቃለሁ።

ያልጠየቁኝ ሌላም አለ። ባየ «አልተጠየቅሽም፣ ተይው» ይለኛል። ባንቺዓለም ግን ትጠይቀዋለች፤ ባትጠይቅም ታስበዋለች። ያን ጥምቀት ስመጣ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ይህን ሁላችሁም አይታችኋል፤ መሐረብ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። ባንቺዓለም እኔ ላይ የፈረደችው ባፍንጫዬ አይታ ነው። እኔም የሞጣውን ምርመራ ይዤ አራት ዓመት ሙሉ «ነጻ ነኝ፣ ነጻ ነኝ» ስል ኖርኩ። ምርመራው እውነት ነው፤ የሚፈልገው ግን ያንን ትልቁን ብቻ ነበር። ለጉንፋን ማን ተመርምሮ ያውቃል?

እማማ ራሳቸው ዳማከሴ ጨምቀው በሲኒ ሰጡኝ። መራራ ነው ብዬ ፊቴን ሳጠቁር ቀምሰው «ይኸው አልሞትኩም» አሉኝና መለሱልኝ። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሲኒ ሳስብ «ኮሮና አልነበረብኝም» እያልኩ እረጋጋ ነበር። አሁን የምረጋጋበት የለኝም።

ከእኔ ነው የያዛቸው? አላውቅም። የእኔ ናሙና አልተወሰደም፣ የማስተያየውም የለኝም። ቢኖረኝና ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው ቢገኙ እንኳ፣ ማን ለማን እንደሰጠ ፊደሉ አይናገርም። ስለ ቤተ ዘመዱ ይነግረኛል እንጂ በየትኛው በር እንደገባ አይነግረኝም። ይህን ያህል ዓመት ተምሬ የደረስኩበት ይኸው ነው።

ባየ «አላውቅም ብለሽ ብቻ ጻፊ፣ ውሸት አይሆንም» ይለኛል። ውሸትስ አይሆንም። ግን ድንኳኑ ውስጥ ከባንቺዓለም ጎን ቆሜ፣ እሷ የምታውቀው አንድ፣ እኔ የማውቀው ሌላ ሆኖ ማልቀስ አልችልም።

ይህን ደብዳቤ ለእሷ ማንበብና አለማንበብ በእርስዎ ፈቃድ ነው። ከዚህ በኋላ መምጣቴ የማይገባ ከሆነ በዘመነ ላኩብኝ፤ አልቀየምም። ባየ መክሊትን ይዞ ይመጣል። ልጅቱን ግን በር ላይ አትመልሱብኝ።

እፀገነት


ብቸና፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእፀገነት

ጽሕፈቱ የእኔ የባንቺዓለም ነው፣ ቃሉ የአባባ ነው። ከገና ወዲህ ዓይናቸው ጠዋትም እምቢ ብሏል። ደብዳቤሽን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ይነበብላት አይነበብላት ብለሽ የተጨነቅሽው ቀርቷል። ከዚህ በታች እሳቸው የሚሉትን እንዳለ እጽፋለሁ።

«ልጄ እፀገነት፣ የሙት ዓመቷ ዕለት አለፈ። መንገዱ ተዘግቶ እናንተም አልመጣችሁም፣ ዘመነም ደብዳቤሽን ካደረሰ ወዲህ አልመጣም። ይህ ደብዳቤ መቼ እንደሚደርስሽ አላውቅም። ሰው ተሰብስቦ ድንኳኑን እንትከል አለኝ። ቅዳሴውን አስቀደስሁ፣ ድንኳኑን ግን አይሆንም አልሁ። እንጀራው ተጋግሯል፣ ካህናቱ ተጠርተዋል አሉኝ። እንጀራውን ብሉት፣ ልቅሶው ይቆያል አልሁ። አራት ዓመት የታገሠች ሴት መንገድ እስኪከፈት ትታገሣለች።

«ደብዳቤሽ ሲነበብ ባንቺዓለም የሲኒው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። ውኃ ልጠጣ ብላ ወጣች፤ ስትመለስ ካቆመችበት ቀጠለች። (ይህን አልጽፍም ብያቸው ነበር። ጻፊው አሉኝ።)

«አሁን የምለውን ስሚ። በዚህ አገር ጉንፋን ያመጣ ሰው ተከሶ አያውቅም። በጥምቀት ሰሞን ጉንፋን ያልያዘው ማን ነበር? እኔ ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ብርድ ላይ አድሬ ድምፄ ተዘግቶ፣ አንቺ ስትመጪ ሰላምታ የሰጠሁሽ በእጄ ነው፤ ረስተሽዋል። ባንቺዓለምም ታስል ነበር። (አላስታውስም አልኳቸው። እኔ አስታውሳለሁ፣ ጻፊ አሉኝ። ይኸው ጻፍኩ።) የሺእመቤት ያን ሳምንት ለሁላችንም ዳማከሴ ስትጨምቅ ነው የከረመችው፤ የሁላችንንም ቀምሳ ነው የምትሰጠው። ካንዳችን ወስዳለች። ከማን የሚለውን ኮምፒዩተርሽ ካላወቀው እኔም አልጠይቀውም። ለኮሮና አምጪ ይፈለግለታል፤ ለጉንፋን ዳማከሴ ይጨመቅለታል እንጂ አምጪ አይፈለግለትም። ያንቺ ትምህርት ስሙን መለሰልን፣ ለእኔ ይህ ይበቃኛል።

«መንገዱ ጾሙ ሳይገባ ከተከፈተ በዚያው ኑ። ካልሆነም ከፋሲካ በኋላ ይሆናል። ያለ አንቺ አልጀምርም።»

የአባባ ቃል እዚህ ላይ አለቀ። ተቀምጠው እንዳሉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው።

እፀገነት፣ በር ላይ ላልኩሽ ነገር ይቅርታ ልጽፍ ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም። ይቅርታ መጻፍ አልችልበትም፤ ወረቀቱን አባባ እንዳያገኙት አቃጥዬዋለሁ። እናቴ ስትወሰድ የምይዘው ሰው አጣሁና አንቺን ያዝኩ። ይህን ብቻ ነው ማለት የምችለው። የኅዳሩ ደብዳቤሽ ሲነበብልኝ ነገሩ ኮሮና ካልሆነ አንቺም የለሽበትም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ይኸኛው ሲመጣ ደግሞ ቁጣዬ ተመልሶ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩት። ጠብቄ ጠብቄ አልመጣም። የሲኒውን ነገር ሳነብ የመጣብኝ የእናቴ ድምፅ ነው፤ «ይኸው አልሞትኩም» ስትል። ድምፅዋን ከረሳሁት ቆይቼ ነበር።

ያን ጊዜ በረንዳ ላይ ስጮኽ ጎረቤቶቹ መጥተው አልቅሰውልኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን ለወጉ ነው። መራራውን ቀምሳ እንደምትሰጥ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍን የሚያውቅ ከእነሱ ውስጥ የለም። ባየ ወንድ ነው፣ እሱ ደግሞ ዝም ይላል። የቀረነው እኔና አንቺ ነን።

አራት ዓመት ብቻዬን አለቀስኩላት። ደክሞኛል። ልጅቱን ይዘሽ ነይና አብረን እናልቅስላት።

ባንቺዓለም